እርማት፦ ቅቤና ላት መተው ዕጢን አያስርብም

«ካንሰር የያዘው ሰው ቅቤና የመንዝ በግ ላት ቢተው ዕጢው በረሃብ ይሞታል» የሚለው ምክር ስህተት ነው። ብዙ የካንሰር ሴሎች ስብን ከማዕድ አይጠብቁም፤ ከእንጀራው በሚገኘው ግሉኮስ ራሳቸው ይሠሩታል። ፋቲ አሲድ ሲንቴዝ የተባለው ኢንዛይም ሁለት ሁለት ካርበን እየቀጠለ ባለ 16 ካርበኑን ፓልሚቴት የተባለ ስብ ይገነባል፤ ሴሉ ሲባዛ የአዲሱን ሴል ሽፋን የሚሠራው ከዚህ ነው። ተመራማሪዎች በመድኃኒት ሊያግዱ የሚሞክሩት ይህንኑ ኢንዛይም ነው። እሱ ሲዘጋበት ግን አንዳንዱ ሴል ስቡን ከደም ይስባል፤ ስለዚህ ከሌላ መድኃኒት ጋር አጣምረው ይሞክሩታል።

ቅቤው ሲቀር የሚከሳው ታማሚው ነው፤ እባካችሁ! 60 ኪሎ የነበረ ሰው ሳይፈልግ በ6 ወር ከ3 ኪሎ በላይ ከቀነሰ ኬሞቴራፒውን መቋቋም ይከብደዋል። በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ይመዘን፣ ለሐኪሙም ይንገር። ሐኪም ካልከለከለው፣ በጾም ቀን ተልባና ኑግ ይጨመርለት።