ሃውኪንግን ጅራፍ አታድርጉት

ወገኖቼ፣ መጋቢት በመጣ ቁጥር የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ሰውየው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ራሱ ወደ ትከሻው አዘንብሏል፤ ፊት ለፊቱ ኮምፒውተር አለ። ከሥሩ የምትጽፉት ቃል ከዓመት ዓመት አይለወጥም፦ «እሱ በዚህ ሰውነቱ ዓለምን አስደነቀ፤ አንተ ሙሉ አካል ይዘህ ምን ሠራህ?» አባት ፈተና ለወደቀ ልጁ ይልክለታል፤ አለቃ ለሠራተኞቹ ያነብላቸዋል፤ የስኬት ሥልጠና የሚሰጠውም ከፍሎ ለገባው ሁሉ በትልቅ ስክሪን ያሳየዋል። የፊዚክስ ሊቁ ስቴፈን ሃውኪንግ ከሞተ በኋላ እኛ ዘንድ ያገኘው ሥራ ይህ ነው፤ የጤነኞች መግረፊያ ጅራፍ መሆን።

ይብቃችሁ። ስድቡ ለጤነኛው ብቻ አይደለም። ያንን ጽሑፍ ጓዳ ተኝታ የምታነብ አንዲት አካል ጉዳተኛ እህታችሁ ምን እንደምትረዳ አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሰውነቷ ለሌሎች ማስፈራሪያ እንደሆነ ትረዳለች። የአጽናፈ ዓለምን ምሥጢር ካልፈታች በቀር ከሰው እንደማትቆጠርም ትረዳለች። እናንተ ሯጭም ኳስ ተጫዋችም ሳትሆኑ በሁለት እግራችሁ እንደ ልባችሁ ትመላለሳላችሁ፤ እሷ ግን ከደጅ ለመውጣት አስቀድማ ሊቅነቷን ማስመስከር አለባት።

የምትተርኩት ታሪክም ግማሹ ተቆርጦ የቀረ ነው። በእናንተ አፍ ሲነገር አንድ ወጣት ታመመ፣ ሐኪሞች ሁለት ዓመት ሰጡት፣ እሱ ግን በጽናቱ ሞትን ረትቶ ሊቅ ሆነ። ጽናት አልነበረውም አልልም፤ እንዲያውም እልኸኛ ሰው ነበር። ነገር ግን ማንም ሰው ጉሮሮው ውስጥ የተጠራቀመውን አክታ በጽናት ስቦ ማውጣት አይችልም። ያንን የሚሠራ እጅ ያስፈልጋል፤ ለዚያ እጅ የሚከፈል ደመወዝም ያስፈልጋል።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፍ)። ሃውኪንግ ጃንዋሪ 8 ቀን 1942 ኦክስፎርድ ውስጥ ተወለደ። በ1962 ለዶክትሬት ትምህርት ካምብሪጅ ገባ፤ በዚያው የገና ሰሞን በበረዶ ላይ ሲንሸራተት ወደቀና መነሣት አቃተው። በ1963 መጀመሪያ፣ በ21 ዓመቱ፣ ኤ ኤል ኤስ የተባለው በሽታ እንደያዘው ተነገረው። በሽታው ከአንጎልና ከአከርካሪ ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያደርሱትን ነርቮች ቀስ በቀስ ይገድላል፤ ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ይመነምናል። መጀመሪያ እጅና እግር፣ ከዚያ ምላስና ጉሮሮ፣ በመጨረሻም መተንፈሻ ይደክማል። ማየትና መስማት፣ የቆዳ ስሜትም አብዛኛውን ጊዜ እንዳሉ ይቆያሉ። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ምልክቱ ከታየባቸው በኋላ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ያርፋሉ። ሃውኪንግ ግን 55 ዓመት ኖረ። በሽታው በእሱ ላይ ባልተለመደ ሁኔታ ዘገምተኛ ነበር፤ ይህ የፈቃድ ኃይል ያመጣው ውጤት አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ የሞቱት ሌሎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አልሞቱም። በዚሁ በሽታ አባቱን የቀበረ ልጅ የእናንተን ጽሑፍ ሲያነብ «የእኔ አባት ያልበረታው ለምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ልብ በሉ።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ትላላችሁ። መልካም። ድግሱን የደገሱት ሰዎች ግን ስም አላቸው፤ እናንተ አንዳቸውንም አትጠሩም።

የመጀመሪያዋ ጄን ዋይልድ ናት። በ1965 ስታገባው ምን እንደሚጠብቃት ታውቅ ነበር። ሦስት ልጆች ወለደችለት፤ እነሱን እያሳደገች እሱን አለበሰች፣ አጎረሰች፣ ደግፋ አስነሣች፤ በዚያ ሁሉ መሃል በመካከለኛው ዘመን የስፔን ግጥም ላይ የራሷን ዶክትሬት ጨረሰች። ትዳሩ በመጨረሻ ፈረሰ፤ ብዙ ዓመት ያለ በቂ ረዳት የተሸከመችው ሸክም በትዳሩ ላይ ምን እንዳደረሰ ለመገመት አያስቸግርም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ተማሪዎቹ ቤቱ እየኖሩ በማስታመም ያግዙ ነበር።

ካምብሪጅም ብትሆን የመላእክት ከተማ አልነበረችም። አዲስ ተጋቢዎቹ ቤት ለማግኘት እርዳታ ሲጠይቁ የኮሌጁ የገንዘብ ኃላፊ እንዲህ ያለ እርዳታ ደንባችን አይደለም ብሎ መለሳቸው። ሰፋፊ ክፍሎችና ለተሽከርካሪ ወንበር የሚበቁ በሮች ያሉት ምድር ቤት የተሰጠው ዓመታት አልፈው ስሙ ከገነነ በኋላ ነው። እዚያም ቢሆን መብት የተገኘው በመጎትጎት ነበር።

በ1985 ጄኔቫ ሳለ ጽኑ የሳንባ ምች ያዘው። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ተኝቶ ሳለ ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ቆጥረው መሣሪያው ይነቀል እንደሆነ ጄንን ጠየቋት። እምቢ አለች። በአምቡላንስ አውሮፕላን ወደ ካምብሪጅ ተወሰደ፤ አንገቱ ላይ የመተንፈሻ ቀዳዳ ተከፈተለት፤ ሕይወቱ ተረፈች፣ የቀረችው ጭላንጭል ድምፁ ግን ጨርሳ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ ሌትና ቀን ነርስ ያስፈልገው ነበር። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና አገልግሎት በአስታማሚ ተቋም ቢኖር ወጪውን ለመክፈል ፈቃደኛ ነበር፤ ጄን ግን ባሌ ቤቱ ነው የሚኖረው ብላ ድርቅ አለች። ለቤት ውስጥ ነርሶቹ ገንዘቡን የከፈለው ማክአርተር ፋውንዴሽን የተባለ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው።

መነጋገር የሚችለው ሌላ ሰው በካርድ ላይ ያሉትን ፊደላት ሲጠቁምለት ቅንድቡን በማንሣት ብቻ ሆነ። ይህን የሰማ ዋልት ዎልቶሽ የተባለ የካሊፎርኒያ የኮምፒውተር ባለሙያ በዚሁ በሽታ ለተያዙት አማቱ የሠራውን ፕሮግራም ላከለት፤ በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ቃል እየመረጡ ዓረፍተ ነገር የሚሠሩበት ነው። ከነርሶቹ የአንዷ ባል የነበረው መሐንዲስ ዴቪድ ሜሰን ትንሽ ኮምፒውተርና የድምፅ መሣሪያውን ወንበሩ ላይ ገጠመለት። ያ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የማሽን ድምፅ ደግሞ መነሻው ዴኒስ ክላት የተባለ ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ በራሱ ድምፅ ላይ ተመርኩዞ የሠራው ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ትከሻ ላይ ተቀምጦ ሃውኪንግ የጀመረውን መጽሐፍ ጨርሶ በ1988 አሳተመ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ።

ይህን እኔ ብቻ አይደለሁም የምለው፤ ባለቤቱ ራሱ ተናግሮታል። በ2009 አንድ የአሜሪካ ጋዜጣ፣ ሃውኪንግ እንግሊዛዊ መሆኑን ዘንግቶ ይመስላል፣ በእንግሊዝ የጤና ሥርዓት ቢታከም ኖሮ በሕይወት የመቆየት ዕድል አይኖረውም ነበር ብሎ ጻፈ። ሃውኪንግ ያ የጤና አገልግሎት ባይኖር ዛሬ እዚህ አልገኝም ነበር ሲል መለሰለት። በ2011 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ስለ አካል ጉዳተኝነት ባወጡት ሪፖርት መቅድም ላይም በግልጽ አስፍሮታል፦ ረዳቶች አሉኝ፤ ቤቴና የሥራ ቦታዬ ለእኔ እንዲመቹ ተደርገዋል፤ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ያግዙኛል፤ እኔ ዕድለኛ ነኝ፤ ከዓለም አካል ጉዳተኞች የሚበዙት ግን ውሎ ማደር ራሱ ይከብዳቸዋል። ሪፖርቱ የእነዚህን ሰዎች ቁጥር ከአንድ ቢሊዮን በላይ አድርጎታል። እሱ «ዕድለኛ ነኝ» ሲል እናንተ «የለም፣ ጽናትህ ነው» ትሉታላችሁ። ጽናት የማንንም በጀት አይነካማ!

ደግሞስ እንዲህ የምታደንቁት ሰው ምን እንደሠራ ታውቃላችሁ? ስለ ወንበሩ እንጂ ስለ ሥራው የጻፈ ሰው ከእናንተ መካከል ስንት ነው? ሥራው እኮ ከበሽታው ይልቅ አስደናቂ ነው። ጥቁር ጉድጓድ፣ ብላክ ሆል የምንለው፣ ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል ነው። ያዕቆብ ቤከንስታይን የተባለ ወጣት ተመራማሪ ጥቁር ጉድጓድ እንደ ማንኛውም ሙቀት እንዳለው አካል ኤንትሮፒ (የሥርዓት አልባነት መለኪያ) አለው ብሎ ሲጽፍ ሃውኪንግ ተናደደ፤ ሙቀት ያለው ነገር ጨረር ይረጫል፣ ከጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ምንም አይወጣም ባይ ነበርና። በኋላ ግን የጥቃቅን ቅንጣቶችን ጠባይ የሚገልጸውን የኳንተም ሕግ በጥቁር ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ሲያሰላው ጨረር አገኘ። ስሌቱን ደጋግሞ ቢፈትሽም ጨረሩ አልጠፋለትም። በ1974፣ ሲቃወመው የነበረው ቤከንስታይን ትክክል እንደነበር የሚያሳየውን ውጤት በራሱ ስም አሳተመ። ጥቁር ጉድጓድ ቀስ እያለ ይተናል፤ ትንሹ ከትልቁ ይልቅ ይሞቃል፤ የፀሐይን ያህል ክብደት ያለው ግን ሙቀቱ ከፍጹም ዜሮ (ከቅዝቃዜ ሁሉ መጨረሻ) በላይ ከአንድ ሚሊዮንኛ ዲግሪ እንኳ ያነሰ ነው። ከዚህም የተነሣ ጨረሩን ከሰማይ ላይ ለይቶ ያየ የለም፤ ኖቤልም ሳያገኝ መጋቢት 5 ቀን በእኛ 2010 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ አረፈ። አመዱ በለንደኑ ቤተ ክርስቲያን በዌስትሚንስተር አቢ በኒውተንና በዳርዊን መካከል ሲቀበር በድንጋዩ ላይ ያንን የሙቀት ቀመር ቀረጹለት። ልጆቻችሁን መገሠጽ ካማራችሁ፣ የተናደደበትን ሐሳብ ራሱ አስልቶ ያጸናውን ሰው ንገሯቸው፤ ወንበሩን ተዉት።

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «ፈጣሪን ስለካደ ተቀሰፈ» ስትሉ እሰማለሁ። እሱ በእግዚአብሔር አያምንም ነበር፤ እውነት ነው። በሽታው የያዘው ግን አንዲት መጽሐፍ ሳይጽፍ፣ ስሙን ማንም ሳያውቀው፣ ገና ተማሪ ሳለ ነው። በዚያው በሽታ የሚሞቱ ጸሎተኛ እናቶችስ ምን በደሉ ልትሉ ነው? ልጅን ጓዳ የሚያስደብቀው፣ ጎረቤት እንዳያየው በር የሚያስዘጋው ይኸው አነጋገር ነው፤ ስለዚህ ቀልድ ብላችሁ አትለፉት።

ወደ ደጃችን እንምጣ። ሕግ የለንም እንዳትሉ፤ በእኛ አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. አካል ጉዳተኞች ሥራ እንዳይነፈጉ አዋጅ ወጥቷል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ሕንፃ በመስተዋት ያብረቀርቃል፤ መግቢያው ግን ደረጃ ነው። መወጣጫ ያለውም አንዳንዱ ቁልቁለቱ ጤነኛን ይጥላል፣ አንዳንዱ ላይ መኪና ቆሞበታል። የሕንፃ ባለቤት ሆይ፣ ሰውየውን በአራት ጎረምሳ አሸክመህ ማስገባትህን እንደ ደግነት አትቁጠረው። ከንፈር መምጠጥም ዊልቸር አይገፋም። የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿን የትነበርሽ ንጉሤን ዓለም ያወቃት፣ በ2017 እንደ አውሮፓውያኑ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን የተቀበለችው፣ ዓይነ ስውር ሆና «ስለበረታች» ብቻ አይደለም፤ ሻሸመኔ ውስጥ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ስለነበረ ጭምር ነው። ያ ትምህርት ቤት የሌላቸው ስንት የትነበርሾች አሉ?

የኮምፒውተር ባለሙያ የሆናችሁ ወጣቶች ደግሞ ይህን ስሙ። ኢንቴል ለሃውኪንግ ባዘጋጀው ሥርዓት ላይ የተመሠረተውን ሶፍትዌር በ2015 ማንም በነፃ ወስዶ እንዲያሻሽለው ለቆታል። ፎቶውን ከምታዞሩ ይህን አውርዱና በአማርኛ ለሚያስብ ሰው አመቻቹት።

ኮምፒውተር የሌለው ቤትም አይፍራ። ድምፁን ላጣ ሕመምተኛ የመጀመሪያው መሣሪያ ያው ካርድ ነበር፤ እኛ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ ካርድ አለን። የሀሁ ገበታ ግዙ። 231 ፊደል እያንዳንዱን መጠቆም ያደክማል፤ ነገር ግን ገበታው በ33 መስመርና በሰባት ዓምድ የተደረደረ ነው። አስታማሚው ጣቱን ከ«ሀ» ጀምሮ ወደ ታች ያውርድ፤ ቅንድብ ሲነሣ መስመሩ ላይ ይቁም፤ ከዚያ ከግዕዝ ወደ ሳብዕ ወደ ጎን ይሂድ፤ ዳግመኛ ቅንድብ ሲነሣ ፊደሏ ተገኘች፤ ይጻፋት። ቅንድብ የማይታዘዝለት ዓይኑን ይጨፍን። ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ቡና እስኪፈላ ሊፈጅ ይችላል። ቃሉን ከመሃል ብታውቁትም ገምታችሁ አታቋርጡት፤ እስኪጨርስ ጠብቁት።