ፊት አይተው ለሚፈርዱ ሊቃውንት

የተጠርጣሪ ፎቶ ገና ሲለቀቅ «ድሮም ዓይኑ ያስታውቃል!» የምትሉ ወገኖቻችን፣ ክብር ይገባችኋል። ምስክር፣ አሻራ፣ ቀጠሮ የሚባል ጣጣ የለባችሁም። ቅድመ አያታችሁ ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮዞ (ከ1835–1909 እ.ኤ.አ.) ግን እዚሁ ለመድረስ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል።

በ1870 አካባቢ ጁሴፔ ቪለላ የተባለውን የካላብሪያ (ደቡብ ጣሊያን) ሰው የራስ ቅል ሲመረምሩ፣ ከውስጥ በኩል ወደ ማጅራቱ፣ ሌላው ሰው ሸንተረር ባለበት ቦታ ትንሽ ጉድጓድ አገኙ። ይህ በዝቅተኛ እንስሳት የሚታይ ነውና ወንጀለኛ ወደ አውሬነት የተመለሰ ፍጡር ነው አሉ። አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ንድፈ ሐሳብ፤ ቁጠባ ይሏል ይህ ነው! በ1876 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በታተመ ቁጥርም እየወፈረ ሄደ።

ምልክቶቹን ያዙ፦ ሰፊ መንጋጋ፣ የወጣ ጉንጭ፣ እንደ ጆግ እጀታ የቆመ ጆሮ፣ ረጅም ክንድ፣ ግራኝነት፣ ንቅሳት። (አንገታቸውን የተነቀሱ አያቶቻችን ሎምብሮዞ ወደሚሠሩባት ቱሪን አለመሄዳቸው በጀ።) ምልክቱ ኖሮት ያልሰረቀ ሰው ከተገኘ ድብቅ ወንጀለኛ ነው፣ ጊዜው አልደረሰም። ሰርቆ ምልክት የሌለው ደግሞ አጋጣሚ ያሳሳተው ይባላል። እንዲህ ያለ መረብ ማን ያመልጠዋል?

በ1889 ፓሪስ ላይ የፈረንሳይ አብዮት ፖለቲከኛውን ማራን የገደለችው የሻርሎት ኮርዴ ነው የተባለ ቅል ቀረበ። ሎምብሮዞ ሲወለድ ጀምሮ ወንጀለኛ የሆነ ሰው ምልክት አዩበት፤ ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት (የሰው ልጅ አካል ተመራማሪ) ቶፒናር ያንኑ ቅል ለክቶ ደህና የሴት ቅል ነው አለ። የገዳይዋን ስም አስቀድሞ ማወቅ ለዓይን ብርታት እንደሚሰጥ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ነገር አበላሺው እንግሊዛዊው የእስር ቤት ሐኪም ቻርልስ ጎሪንግ ነው። 3,000 ገደማ እስረኞችን ለካ፤ ይባስ ብሎም ካልታሰሩ ሰዎች፣ ከተማሪና ከወታደር ጋር አነጻጸረ። ያልታሰረውን በእኩል ጥንቃቄ ካልለካችሁ፣ እስር ቤት ያያችሁት ጆሮ ሁሉ የሌባ ጆሮ ይሆናላ! በ1913 ባወጣው ሥራ እስረኞቹ በቁመትና በክብደት ትንሽ ከማነሳቸው በቀር የተለየ የወንጀለኛ መልክ አጣ። ቁመትን ደግሞ ድህነትም ያሳጥራል።

እናንተ ግን አትስሙት። ፎቶው ደብዝዞ ጆሮው ካልታየ የትውልድ ቦታውን ጠይቁ፤ ሎምብሮዞም ቢሆኑ ከደቡብ ጣሊያን ሰው ብዙ አልጠበቁም።