ማስተካከያ፦ ዕጣው ለጤና ጣቢያ ከወጣ 128 ሰው አይበቃም

በሰበታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ ጤና ጣቢያዎች ለታሰበ የድብርት ሕክምና ሙከራ «በየቡድኑ 64፣ በድምሩ 128 ሰው ይበቃል» የሚል ስሌት በቴሌግራም ሲዘዋወር ሰንብቷል። ስሌቱ ለዚህ ሙከራ አይሆንም።

64 የሚሠራው የትኛውን ሕክምና ማን እንደሚያገኝ የሚወስነው ዕጣ ለእያንዳንዱ ታካሚ ለየብቻ ሲወጣ ነው (የውጤት መጠን 0.5፣ ማለትም የቡድኖቹ አማካይ ልዩነት የመደበኛ ልይይት ግማሽ ሲሆን፣ ልዩነቱን የማግኘት ዕድል 80 በመቶ፣ የሐሰት ግኝት ስጋት 5 በመቶ)። እዚህ ዕጣ የሚወጣው ለጣቢያው ነው። የአንድ ጣቢያ ታካሚዎች ባለሙያውንም ሰፈሩንም ስለሚጋሩ የፒኤችኪው 9 (የድብርትን መጠን የሚለካ ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ) ነጥባቸው ይቀራረባል። ስለዚህ 64 የሚባዛበት ቁጥር ያስፈልጋል፦ ከአንድ ጣቢያ ታካሚዎች ብዛት 1 ይቀነስና በውስጠ ክላስተር ዝምድናው (የአንድ ጣቢያ፣ ማለትም የአንድ ክላስተር፣ ታካሚዎች ነጥብ ምን ያህል እንደሚመሳሰል የሚያሳይ ቁጥር) ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ለምሳሌ በየጣቢያው 20 ታካሚና 0.05 ዝምድና ቢያዝ 1.95 ይመጣል፤ 64 በዚህ ሲባዛ በየቡድኑ 125 ሰው ይሆናል። ይህም ለ20 ተካፍሎ ወደ ላይ ሲጠጋጋ በየቡድኑ 7 ጣቢያ፣ በድምሩ 14 ጣቢያና 280 ታካሚ ማለት ነው፤ አቋርጦ የሚወጣው ሰው ገና አልተጨመረም።

በ128 ቢጀመር 80 በመቶ የተባለው ዕድል ወደ 50 ገደማ ይወርዳል። ትንተናው ጣቢያውን ከዘነጋ ደግሞ መደበኛ ስህተቱ (የግምቱ እርግጠኛ ያለመሆን መጠን) ያለአግባብ ጠቦ የሌለ ልዩነት ሊያሳይ ይችላል፤ ይሄኛው ይብሳል።

ቀመሩ ከክላስተር ሙከራ መማሪያ መጻሕፍት የተወሰደ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮንሶርት (የሕክምና ሙከራ ሪፖርት አጻጻፍ መመሪያ) የክላስተር ሙከራ ቅጥያም የዝምድናው መጠን እንዲገለጽ ይጠይቃል። በ128 ፕሮቶኮል ያስገባችሁ፣ ምዝገባ ሳይጀመር ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ማሻሻያ አቅርቡ።