አዴ ይመርመሩልን

አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ላይ የታሰበ ዐውደ ጥናት ሁሉ ፈጣን መንገዱን ይዞ ወርዶ እኛ ሆቴሎች ውስጥ ያርፋል። ስለዚህ ስብሰባ እንዴት እንደሚሰበሰብ ከተማችን ጠንቅቃ ታውቃለች። አጀንዳ ይጸድቃል፣ "ቀደም ብሎ እንደተባለው" እየተባለ የተባለው ይደገማል፣ ሻይ ይጠጣል፣ አበል ይፈረማል። ልጄ የሚውልበት የሕፃናት ማቆያ የጠራው የወላጆች ስብሰባም ከዚህ ሁሉ የጎደለው አበሉ ብቻ ነበር።

የተጠራው ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከሰዓት ይሁን ያለ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ከሰዓት ብዙው አባት የት እንደሚገኝ የሚጠይቅ ሰው ለከተማው እንግዳ መሆን አለበት።

አጀንዳውን ያመጣው ባንክ የሚሠራ አንድ አባት ነው። እህቱ አሜሪካ ሕፃናት ማቆያ ውስጥ ትሠራለች። ልትቀጠር ስትል አሻራ ሰጠች፣ የወንጀል መዝገቧ ታየ፣ በመጨረሻም "ሽንት ስጪ" ተባለች። የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ መሆኑ ነው።

"እዚያ ልጅ ቀልድ አይደለም!" አለ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ። "እኛ ግን ልጃችንን የምናስረክበው መታወቂያና ተያዥ አይተን ብቻ ነው። ተያዥ ሽንት ውስጥ ያለውን ያውቃል?"

አዳራሹ ተነካ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሽንት ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ተያዥ በርግጥ ማንም አላጋጠመውም።

ለነገሩ አሜሪካኖቹ በእንግሊዝ አቆጣጠር በ2014 ያደሱት የፌደራል ሕግ የሚለው ሌላ ነው። መንግሥት በሚደጉመው የሕፃናት እንክብካቤ ውስጥ የሚሠራ ሰው ቢያንስ በየ5 ዓመቱ የኋላ ታሪኩ ይጣራ ይላል። አሻራው ከኤፍቢአይ ጋር ይመሳከራል፤ ሕፃናትን የበደሉ ሰዎች መዝገብ ይገለጣል። ሽንት የሚባል ነገር ግን አይጠይቅም። ሽንቱን የሚሉት አንዳንድ ግዛቶችና አንዳንድ ቀጣሪዎች ናቸው። ይህን ለመናገር እጄን ሳወጣ ሰብሳቢው "ሻይ ዕረፍት" አሉ።

ከሻይ በኋላ ጉዳዩ ወደ አዴ ዞረ። አዴ ከማቆያው ተንከባካቢዎች ትልቋ ናቸው። የመታወቂያ ስማቸውን የሚያውቅ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። ልጆቹም፣ እኛም፣ የማቆያው ባለቤትም "አዴ" ነው የምንላቸው። ሱሳቸው ቡና ነው። ጠዋት ሁለተኛውን ሳይጠጡ አያናግሩም፤ ካፌይን ቢመረመር ኖሮ የመጀመሪያዋ ተጠርጣሪ እሳቸው ነበሩ።

"አዴ፣ እርስዎን ማለታችን እንኳ አይደለም" አለ የባንኩ አባት። ይህ አነጋገር እርስዎን ነው ማለት እንደሆነ አዴ አላጡትም።

አንዲት ፋርማሲስት እናት ተነስታ የተለመደው ምርመራ አምስት ነገር እንደሚፈልግ አስረዳች። ካናቢስ፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ኦፒዮይድና ፒሲፒ። አዴ ፒሲፒ አዲስ የፖለቲካ ፓርቲ መሰላቸው።

"እኔ አባል አይደለሁም" አሉ ፈጠን ብለው።

ያኔ ነው አንዲት ዝምተኛ እናት፣ እጇን እንኳ ሳታወጣ፣ "ጫትስ?" ያለችው።

ጸጥታ ሆነ። ወንዶቹ ሰዓታቸውን አዩ። ከኋላ አንዱ "ጫት እኮ ቅጠል ነው" አለ። ካናቢስስ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ፋርማሲስቷ ግን አለቀቀችም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው ንጥረ ነገር በእንግሊዝ አቆጣጠር በ1971ዱ የተባበሩት መንግሥታት የዕፅ ስምምነት የመጀመሪያው፣ ጥብቁ ሰንጠረዥ ላይ ሰፍሯል። እንግሊዝ ቅጠሉን ራሱን በዚያው አቆጣጠር በ2014 ከልክላለች። የባንኩ አባት እህት ባለችበት አገርም ክልክል ነው። እኛ ጋ ግን ዶላር ያመጣል፤ ዶላር የሚያመጣ ነገር ደግሞ ዕፅ ሊሆን አይችልም። ጉዳዩ በዚህ ታለፈ።

የባንኩ አባት ስለ አሠራሩም ከእህቱ በቴሌግራም ጠይቆ መጥቷል፤ መቼም ዝግጅቱን ማድነቅ አለብኝ። ተመርማሪው የሌላ ሰው ሽንት በኪሱ ይዞ እንዳይገባ ተብሎ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሙቀቱ ይለካል። በአሜሪካኖቹ የፌደራል መመሪያ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ መሆን አለበት። ውሃ እንዳይቀላቅልበትም የመጸዳጃው ውሃ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ቧንቧውም ይዘጋል።

እዚህ ላይ ሕዝቡ ሳቀ። ቧንቧ መዝጋቱን ለአዳማ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ሳንጠይቅ በፈረቃ ተዘግቶልናል። ሙቀቱንም ቢሆን እንጃ። በሚያዝያ ቀትር ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ሃይላንድ ውሃ ያንን ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ ያልፋል።

ጠበቃ የሆነች እናት ደግሞ ሕጉን አነሳች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ ሰክሮ ሥራ ላይ እንዳይገኝ ይከለክላል። አሠሪው በበቂ ምክንያት የጤና ምርመራ ሲጠይቅም፣ ከኤች አይ ቪ በቀር፣ እምቢ ማለት የለበትም። "ጥያቄው" አለች መነጽሯን ከፍ አድርጋ፣ "የአንድ ወላጅ እህት አሜሪካ መኖሯ በቂ ምክንያት ነው ወይ?" የሚል ነው። ሰብሳቢው ጥያቄውን በማስታወሻ እንዲያዝ አደረጉ። በማስታወሻ የተያዘ ነገር ምን እንደሚሆን የስብሰባ ከተማ ሰው ያውቀዋል።

ምርመራ የሚባል ነገር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ገና አፉን ያልፈታ ልጅ ቀኑ እንዴት እንደዋለ ሊነግርህ አይችልም። ያው አዋጅ ለእናት ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። በ90 ቀኑ ማግስት ሕፃኑ ሰው እጅ ይገባል። አያት ገጠር ናት፣ ደላላ ያመጣት ልጅ ዓረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት እየጠበቀች ነው፣ ስለዚህ ማቆያ። የሚያስፈራ ነገር ነው፤ ስንፈራ ደግሞ የሚለካ ነገር እንወዳለን።

ግን አንዲት ወጣት ብቻዋን ስንት ሕፃን ትይዛለች ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንዱን ስታጥብ ሌላው ሶኬት ውስጥ ጣቱን ይሰዳል። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው። የቀን ደመወዟ አንዳንዱ አባት ቅዳሜ ከሰዓት ለዙርባ፣ ለለውዝና ለጨብሲ ከሚያወጣው ያንሳል። ይህ ሽንት ውስጥ አይታይም።

ወጪውን ማን ይችላል ሲባል ግን ጉባኤው ነቃ። የማቆያው ባለቤት በትሕትና "ወርሃዊ ክፍያው ላይ ትንሽ ጨምረን" ብላ ስትጀምር የልጆቻችን ደኅንነት ወዲያው ተረጋጋ። ቅድም ጠረጴዛ የመታው እጅ ኪሱ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ በስምምነት የተወሰነው ተንከባካቢዎቹ ሰፈር ካለው ክሊኒክ "ጠቅላላ ምርመራ" አድርገው ወረቀት እንዲያመጡ ነው።

በሳምንቱ ወረቀቱ መጣ። ሁለቱ ወጣቶች ታይፎይድ አለባችሁ ተብለዋል። ሦስተኛዋ ታይፎይድና ታይፈስ። አዴ ታይፎይድ፣ አሜባና የጨጓራ ባክቴሪያ። ዕፅን የሚመለከት መስመር ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ክሊኒኩን አልወቅስም፤ በዚያ በር ገብቶ ያለ ታይፎይድ የወጣ ሰው እስካሁን አላየሁም። ተያዥ ሆነው የመጡት የአዴ የወንድም ልጅም ታይፎይድ ተገኘባቸው። የሄዱት ለመሸኘት ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ አዴ እጃቸውን አወጡ። ቡናቸውን ጠጥተዋል።

"ልጆቼ፣ እኔ ሽንቴን ሰጥቻለሁ፣ ደሜንም ወስደዋል፣ ሰገራም ብለውኝ ሰጥቻለሁ። የቀረኝ የለም። አሁን እኔ ልጠይቅ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ልጃችሁን ልትወስዱ ስትመጡ እኔ ላሽትታችሁ?"

ማንም አልሳቀም።

"ባለፈው ወር አንድ አባት መጣ። ስም አልጠራም። በሩን ይዞ ነው የቆመው። በሩ ባይኖር እሱም አይኖርም ነበር። ልጁ 'አባቢ' ብሎ ሮጠ። አልሰጥም ብል 'የራሴን ልጅ!' ይለኛል። ብሰጥ ሞተር ላይ ፊት አስቀምጦት ሊነዳ ነው። ምን ላድርግ? እናቱ እስክትመጣ ቡና አፍልቼ ይዤው ቆየሁ። ያን ቀን ማንን ነበር መመርመር?"

የባንኩ አባት ስልኩን ማየት ጀመረ። ሌሎች ሁለት አባቶችም እንዲሁ። ስም አልተጠራም የተባለው ለስንቱ እንደሆነ እኔም ግራ ገባኝ።

"ሌላም አለ" አሉ አዴ። "ሰኞ ሰኞ እነዚህ ልጆች ሐራራ ይይዛቸዋል። 'ስልክ፣ ስልክ' እያሉ ያለቅሳሉ፤ ያለ ዩቲዩብ አንጎርስም ይላሉ። ዓርብ ደህና አድርጌ ነው የላክኋቸው። ቅዳሜና እሁድ ማን አስለመዳቸው?"

ጠበቃዋ እናት አጨበጨበች። ከዚያ ሌሎቹም እናቶች። ሰብሳቢው ሻይ ዕረፍት ሊሉ ሞክረው ነበር፣ የሰማቸው የለም።

በዚያው ቀን ኮሚቴ ተቋቁሞ በር ላይ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ተረቀቀ። የመጀመሪያው ረቂቅ "የጠጣ ወይም የቃመ ወላጅ ሕፃን አይረከብም" ይል ነበር። "የቃመ" በሚለው ላይ ብዙ ክርክር ተደረገ። በቅዳሜ ልጅ መውሰድ የሚችል ወንድ አይኖርም ተባለ፤ ይህ ደግሞ በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጫና ተነሳ። ወደ 6 ሰዓት ሲጠጋ ወንዶቹ ወንበራቸው ላይ መቁነጥነጥ ስለጀመሩ "የቃመ" ተሰርዞ ለቀጣይ ጥናት ተላለፈ። "የጠጣ" ጸደቀ። ሕፃኑን ወላጅ በአካል ካልመጣ ወላጁ የወከለው ሰው እንዲወስደውም ተፈቀደ።

ማስታወቂያው ከተለጠፈ ወዲህ የባንኩ አባት ማታ ማታ አይታይም። ሥራ በዝቶበታል አሉ። በምትኩ ኮንትራት ባጃጅ ይልካል፤ ሹፌሩ ትሑት ልጅ ነው፣ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ባለፈው ሐሙስ እኔም በር ላይ ነበርኩ። ዘበኛው ሹፌሩን ትክ ብሎ አየው። የልጁ አንድ ጉንጭ የቴኒስ ኳስ የያዘ ይመስላል።

"ምን ሆነህ ነው?" አለው ዘበኛው።

"ጥርሴን አሞኝ" አለ ሹፌሩ።

"ትናንት ያበጠው የግራው አልነበር እንዴ?"

"ተዛምቶ ነው" አለና ሕፃኑን ከኋላ አስቀምጦ ባጃጁን አስነሳ።