የሷ ፌስታል፣ የኔ አንድ ወረቀት

የባለቤቴ ምርመራ የሚቀመጠው በቢጫ ፌስታል ነው። አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ውጤት፣ ቱቦዋ ክፍት መሆኑ የታየበት ራጅ (ያን ቀን እንዴት እንደታመመች እኔ ነኝ የማውቀው)፣ የክሎሚድ (እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ ኪኒን) ማዘዣ ምናምን። የኔ ግን አንድ ወረቀት ናት፣ እሷም የመጣችው ልጅ እምቢ ካለን ሶስት ዓመት ቆይቶ ነው።

የስፐርም (የወንድ ዘር) ናሙናውን ላቦራቶሪው ሽንት ቤት ውስጥ ልሰጥ ሞክሬ ነበር፣ በሩ በየደቂቃው ሲንኳኳ አልሆንልህ አለኝ። ቤት ሰጥተህ አምጣ፣ ግን አንድ ሰዓት ሳይሞላና ሳይቀዘቅዝ ይድረስ ተባልኩ። በማግስቱ ጠዋት ከአራት ኪሎ ወደ ሜክሲኮ ብልቃጧን ጃኬት ውስጥ ብብቴ ስር ሸጉጬ ሄድኩ፣ ረዳቱ "ሂሳብ፣ ወንድም" ሲለኝ እጄን ማንሳት ፈራሁ እኮ!

ውጤቱ በሚሊ ሊትር 18 ሚሊዮን ስፐርም ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ወለል 16 ሚሊዮን ስለሆነ "ኖርማል ነህ" አሉኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ከዛ በዛው ክሊኒክ ሁለት ጊዜ አይዩአይ (ስፐርሙን በቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት) ተሰራልን፣ ሁለት ጊዜ ከፈልን፣ ሁለቴም ባለቤቴ የወር አበባዋ መጥቶ ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሌላ ሐኪም ጋር ስንሄድ ያቺኑ ወረቀት አየና እስክሪብቶ አወጣ። የፈሳሹ መጠን 1.5 ሚሊ ሊትር፣ ወደፊት የሚዋኘው ደግሞ 12 በመቶ ብቻ። 18 በ1.5 ሲባዛ 27 ሚሊዮን፣ መመሪያው ግን በጠቅላላው ቢያንስ 39 ሚሊዮን ይላል፣ ወደፊት የሚዋኘውንም ቢያንስ 30 በመቶ ነው የሚለው። ከ27ቱ 12 በመቶው ሲሰላ በእጃችን ያለው ሶስት ሚሊዮን ምናምን ነው። "ከታጠበ በኋላስ ስንት ነበር?" አለኝ። ማን ነግሮኝ! ፌስታሉን ብንገለብጠው እሱን የሚል ወረቀት የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አይዩአይ ላይ ስፐርሙ ላቦራቶሪ ውስጥ ይታጠባል፣ ማለትም የሞተውና የደከመው ተለይቶ ደህና የሚዋኘው ይቀራል፣ ከዛ ሚስትየው እንቁላል በምትጥልበት ሰዓት በቀጭን ቱቦ ማህፀኗ ውስጥ ይገባል። መንገድ ነው የሚያሳጥረው እንጂ እንቁላሉ ጋር ደርሶ ሰብሮ የሚገባው ራሱ ስፐርሙ ነው፣ ስለዚህ የሚንቀሳቀሰው ብዛት ዋናው ነገር ነው። ብዙ ሐኪሞች ከታጠበ በኋላ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን የሚንቀሳቀስ ቢገኝ ይመርጣሉ፣ ከ1 ሚሊዮን ሲወርድ ተስፋው በጣም ይመነምናል። ደህና ሲሆንም እንኳ በአንድ ሙከራ የሚሳካው ብዙ ጊዜ ከ100 ከ10 እስከ 20 ቢሆን ነው፣ የሴቷ ዕድሜም ራሱን የቻለ ነገር ነው።

ደግሞ ያ ወለል የሚባለው ቁጥር የፈተና ማለፊያ አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሚስቶቻቸው ካረገዙላቸው ወንዶች ተለክቶ ነው የወጣው፣ ከነሱም ከመቶ አምስቱ ከወለሉ በታች ነበሩ፣ ስለዚህ ዝቅ ያለ ሁሉ አይወልድም ማለት አይደለም፣ ያለፈ ሁሉም ይወልዳል ማለት አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ልጅ ከሚቸገሩት ጥንዶች ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወንዱም እጅ አለበት፣ የወንዱ ምርመራ ደግሞ ቢላም መርፌም የለው፣ አሳፋሪ እንጂ አያምም። እኛ ግን ሴቷን ራጅ ስር አስተኝተን ስናበቃ ነው ወንዱን "አንተም እስኪ" የምንለው። በሰፈራችን ያልወለደችዋን ሴት በቅሎ ይሏታል፣ ወንዱን ምን እንደሚሉት ሰምቼ አላውቅም።

ወንዱ ቀድሞ ቢታይ ብዙ ነገር ይገኝ ነበር። ቫሪኮሲል (የዘር ፍሬ ዙሪያ ያለ የደም ስር ማበጥ) ከሆነ በኦፕሬሽን ይስተካከል ይሆናል፣ ጂም ገብቶ ቴስቶስትሮን የሚወጋ ካለ መርፌው ራሱ ስፐርም ማምረቱን ያቆምበታል (ጡንቻ ሲያወጣ ልጁን አጠፋ ማለት ነው)፣ ሲጋራም አለ። ስፐርም ተሰርቶ ለመጨረስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ዛሬ የሚታየው ከሁለት ወር በፊት የነበረው ሰውነትህ ነው፣ ያኔ ከባድ ትኩሳት ይዞህ ከነበረ ውጤቱ ያጭበረብራል፣ ስለዚህ አንዴ መጥፎ ከመጣ ይደገም። ተደግሞም ያው ከሆነ ብሩን አይዩአይ ላይ ከመበተን አንዷ ስፐርም ተመርጣ እንቁላሉ ውስጥ በመርፌ የምትገባበትን ህክምና መነጋገር ነው። ውድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን ሁለት የማይሆን አይዩአይም በነፃ አልነበረም።

ባለፈው እሁድ ካዛንቺስ ዘመድ ቤት ቡና ላይ አክስቴ እንደልማዷ ባለቤቴን "ወሬ የለም እንዴ?" አለቻት። እኔ ቀደም ብዬ "እቴቴ፣ ችግሩ ከኔ ነው፣ ተመርምሬያለሁ" አልኩ። ፈንዲሻው ሰሃን ላይ የነበሩ እጆች ቆሙ። አክስቴ አየችኝ፣ አየችኝና ወደ ባለቤቴ ዞራ፣ "የእንጦጦ ማርያምን ፀበል ሞክረሻል ግን?"