ማስተካከያ፦ የሽጉጥ ቀለሃን በቤት ስለ መሙላት

በደብረ ብርሃንና በመንዝ አካባቢ ብዙ ሰው የተቀባበለው ጽሑፍ የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ቀለሃ ሁሉ አንድ ዓይነት እንደሆነና የጦር መሣሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ቤቱ ሊሞላው እንደሚችል ይገልጻል። ሁለቱም ትክክል አይደለም።

ማካሮቭና ፓራቤለም የሚባሉት ሁለቱም የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ዓይነቶች ናቸው፤ በጥይት አምራቾች የልኬት ሠንጠረዥ መሠረት የማካሮቭ ቀለሃ ርዝመት 18፣ የፓራቤለም ደግሞ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የአረራቸው ውፍረትም 9.27 እና 9.01 ስለሆነ አንዱ ሌላውን አይተካም። በሠርግና በለቅሶ ተተኩሶ ከሜዳ የሚለቀመውን ቀለሃ ውስጡን በባትሪ ላየው ሰው ሌላም ልዩነት ይታያል፤ በሶቪየት ሥሪት ቀለሃዎች ዘንድ የተለመደው ከውስጥ በኩል ግርጌው ላይ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ ስለሆነ፣ ባለአንድ ቀዳዳውን ለመሙላት የተሠራው መሣሪያ የተተኮሰውን መለኮሻ (ሲመታ ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን ክፍል) ሊያወጣው አይችልም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የባሩዱ ጉዳይ ነው፤ ለሽጉጥ የሚበቃው መጠን እጅግ ጥቂት በመሆኑ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር እንኳ ከቀለሃው ላይፈስ፣ ሽጉጡንም በተኳሹ እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚሰጠው የመያዝ ፈቃድ ጥይት ለማምረት አያገለግልም። ስለዚህ በጽሑፉ ተመርቶ ቀለሃ የሞላ ሰው ካለ እንዳይተኩሰው፣ ራሱም ሊፈታው እንዳይሞክር፣ በአቅራቢያው ላለ ፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስፈልጋል።