በጀት ሲጠብ ምን ይቀነስ? የማዳበሪያ ድጎማው ወይስ የመስክ ሥራው?

ለክርክር የቀረበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በድሬዳዋና በሐረሪ ገጠር የግብርና ድጋፍ መቀነሱ ካልቀረ፣ የማዳበሪያ ድጎማው ተቀንሶ የመስክ ሥራው ይትረፍ። አንድ አግሮኖሚስት ሐሳቡን ይደግፋሉ፤ አንዲት የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ባለሙያ ይቃወማሉ።

ደጋፊው

በጀት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚመታው ሥራ ማስኬጃ ነው። ደመወዝ አይነካም። የማዳበሪያ ድጎማም ከፌዴራል የሚወሰን ስለሆነ የግብርና ቢሮው እጅ አይደርስበትም። የሚቀረው ነዳጅ፣ ውሎ አበልና የሞተር ሳይክል ጎማ ነው። እሱ ሲቀነስ የልማት ሠራተኛው ደመወዙ እየተከፈለው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተቀምጦ ይውላል።

የፍየል ደስታ መሰል በሽታ (ፒፒአር የሚባለው የፍየልና የበግ ተላላፊ በሽታ) ክትባትን እንይ። ከሚመረትበት ከቢሾፍቱ ከወጣ ጀምሮ ፍየሏ እስክትወጋ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ መቆየት አለበት። ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ ብዙ ሳይቆይ ማለቅ አለበት፤ የተረፈው ይደፋል። ስለዚህ 100 ዶዝ ያለው ብልቃጥ የሚከፈተው መቶ የሚጠጋ ፍየል በረት ተሰብስቦ ሲጠብቅ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ሰው ቀድሞ ሄዶ ቀኑን ማስታወቅ አለበት፤ ሁለት ጉዞ ማለት ነው። ነዳጅ ለአንድ ጉዞ ብቻ ሲፈቀድ ቡድኑ ጀልዴሳ ሳይታሰብ ይደርሳል፣ ፍየሉ ግጦሽ ወጥቷል፣ 30 ተወግቶ የ70ው ይደፋል። ሪፖርቱ ላይ ግን ብልቃጡ «ሥራ ላይ ውሏል» ተብሎ ይጻፋል።

ተቃዋሚዋ

ስለ ክትባቱ ልክ ነዎት፤ በዚያ አልከራከርዎትም። ግን ወንድሜ፣ ድጎማው ሲነሳ ገበሬው ምን እንደሚያደርግ አልነገሩንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ማዳበሪያ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ የሚገባ ዕቃ ነው። በገበሬውና በዚያ ምንዛሪ መካከል የቆመው ድጎማው ብቻ ነው።

ዋጋ ሲንር ገበሬው ጨርሶ አይተውም፤ የሚተወው ኤንፒኤሱን፣ ማለትም ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ሰልፈር የያዘውን ማዳበሪያ ነው። ናይትሮጅን ሰጪው ዩሪያ በሳምንት ውስጥ ቅጠል ስለሚያጠቁር በዓይን ይታያል፣ ኤንፒኤስ አይታይም። ነገር ግን 100 ኪሎ ኤንፒኤስ በፎስፌት (P2O5) መልክ ሲቆጠር 38 ኪሎ፣ በንጹሕ ፎስፎረስ ሲሰላ ደግሞ ወደ 17 ኪሎ ይይዛል፤ ሥር የሚያጠብቀው እሱ ነው። ዩሪያ ብቻ የበላ ማሽላ ላዩ ለምልሞ ሥሩ ያጥራል፣ ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚጠወልገውም እሱ ይሆናል። ከዚያ ሦስት ሰው አንድ ከረጢት ገዝቶ በፌስታል ይካፈላል፤ ዩሪያው እርጥበት ስቦ ይጋገራል።

ደጋፊው

እኅቴ፣ ዝናቡ ሲቋረጥ አሉ። ታዲያ ውሃ በሌለበት ማዳበሪያ ምን ይሠራል? 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሄክታር ላይ 200 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ተዳፋት ላይ ግማሹ ከሸሸ 100 ሜትር ኩብ፣ አምስት ባለ 20 ሺህ ሊትር ቦቴ ማለት፣ ድሬዳዋን አቋርጦ ወደሚያልፈው ደቻቱ ወንዝ ወርዶ ከተማዋን ያስፈራራል። ቦዩን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ማሰር ያንን ውሃ ያቆማል፤ የሚፈልገው ዶንጎራ፣ ጉልበትና ደረጃውን የሚያሳይ ሠራተኛ ነው። አፈር ላይ ተበትኖ ያልተሸፈነና በቂ ዝናብ ያላሰረገው ዩሪያ በበኩሉ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ ይበንናል። በድጎማ የገዛነውን ለነፋስ ሰጠን ማለት ነው።

ሌላም አለ። ከዩሪያው ስንቱ ማሽላ ላይ ያርፋል፣ ስንቱስ ጫት ሥር ይገባል? አቦ፣ አወዳይ ገበያ ቅርብ ነው!

ተቃዋሚዋ

ጫትም እርሻ ነው። በጫት ገንዘብ በቆሎ የሚሸምት ቤተሰብ ለመንግሥት የእህል እርዳታ ወረፋ አይቆምም።

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ድጎማው ቢቀነስ ገንዘቡ ወደ ሶፊ ወይም ወደ ዋሂል ነዳጅ አይዞርም፤ የተረፈው ፌዴራል ግምጃ ቤት ይቀራል። የእርስዎ ሐሳብ ሁለት የተለያዩ የበጀት መደቦችን እንደ አንድ ኪስ ይቆጥራል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ እርከኑን የሠራውን ሴፍቲኔት፣ የምግብ እጥረት ያለበትን ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ የሚደግፈውን ፕሮግራም፣ ያስቡ፤ ከለጋሾቹ አንዱ የነበረው የአሜሪካው ዩኤስኤይድ በ2017 ዓ.ም. ሲዘጋ ከእኛ በጀት ማን ሊተካው ቀረበ?

የጊዜ ጉዳይም አለ። የበጀት ዓመቱ የሚከፈተው ሐምሌ 1 ነው። ሙይራና ፈንዲሻን የመሳሰለው የሐረርጌ ረጅም ማሽላ ሚያዝያ ላይ ይዘራል። ለሚያዝያ ዘር የሚውል ገንዘብ ሰኔ 30 ላይ ተመላሽ ከመሆኑ በፊት፣ ገና መጋቢት ላይ ግዢው ማለቅ አለበት። በጥር «በጀት ተቀነሰ» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ የሚቆረጠው በትክክል ያ ግዢ ነው። ያኔ ገበሬው ሰኔ መጨረሻ ላይ አጭር ቀን የሚፈጀውን ዘር ይፈልጋል፤ ያም አገዳው አጭር ስለሆነ የሰንጋው መኖ ይጎድላል።

ደጋፊው

የገንዘቡ አለመዞር እውነት ነው፤ እኔም መልስ የለኝም። እንግዲያው በእጃችን ባለው እንነጋገር፤ የማዳበሪያውን መጠን እናሳንስ። በ80 በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ጉድጓድ ቢቆፈር ሄክታሩ 25,000 ጉድጓድ ይይዛል፤ በየጉድጓዱ 2 ግራም፣ ማለትም በሦስት ጣት አንድ ቁንጥር፣ ቢደረግ 50 ኪሎ ይበቃል፤ ከተለመደው 100 ኪሎ ግማሹ። ከዘሩ 5 ሴንቲ ሜትር ጎንና ሥር መራቅ አለበት፤ ከነካው ቡቃያውን ያቃጥላል።

ተቃዋሚዋ

25,000 ጉድጓድ ስንት የሰው ቀን ይበላል? ያውም ሁሉም በአንድ ዝናብ በሚዘራበት ሳምንት! እኛ መጋዘን ውስጥ ደግሞ ደረሰኝ የሚቆረጠው በሙሉ ከረጢት ነው፤ የተከፈተ ከረጢት የእርጥበትና የጉድለት ሒሳብ ያመጣል። ግማሽ ሄክታር ያለው ሰው 25 ኪሎ ቢፈልግ አብሮት የሚገዛ ጎረቤት ይዞ መምጣት አለበት፣ ያ ደግሞ ወደ ፌስታሉ ይመልሰናል። ማኅበሩ በ25 ኪሎ እየመዘነ አሽጎ እንዲሸጥ ከተፈቀደለት፣ ስለ ግማሽ መጠኑ እንነጋገራለን። ድጎማው ግን በዚያው ዓመት መነሳት የለበትም።